ስልሳ ኪሎ ከምድጃው በላይ

«ትራንስፖርትና ገጠማ በነፃ!»

ኪችን ካቢኔት የሚሸጡ የቴሌግራም ገጾችን የሚከታተል ሰው ይህቺን ሐረግ በደንብ ያውቃታል። ፎቶው ያምራል። በሩ ያብለጨልጫል። ዋጋው በሜትር ይሰላል። ገዢው ስለ ቀለሙ ሁለት ሳምንት ያስባል፤ ስለ እጀታው ከትዳር አጋሩ ጋር ይከራከራል፤ ስለ ችፑዱ ውፍረት የሚያውቅ ወዳጅ ያማክራል። ያ ሁሉ ዕቃ ግድግዳው ላይ በምን ተይዞ እንደሚውል የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እሱ በነፃ ነዋ።

ዋጋ ያልተቆረጠለት ሥራ ጊዜም አይቆረጥለትም። ገጣሚውን (ስንኝ የሚቋጥረውን ሳይሆን ብሎን የሚያጠብቀውን) ከሰዓት በኋላ ሌላ ቤት ይጠብቀዋል። ይዞት የመጣው አንድ ድሪል፣ አንድ ፑንታና አንድ ኪስ ሙሉ ፊሸር ነው። ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ኮንክሪት፣ ልስኑ 1 ሳንቲ ይሁን 3፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ለሁሉም ያው ፑንታ፣ ለሁሉም ያው ፊሸር። ካቢኔቱ በዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ይሰቀላል። የቤቱ እመቤት ታመሰግናለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ፎቶ አንስታ ለእህቷ ትልካለች። ካቢኔቱ መላላት ሲጀምር ግን ገጣሚው የለም፤ ስልኩም ተቀይሯል።

ስለ ዶላር፣ ስለ ነዳጅና ስለ ምርጫ በሚነበብበት ቦታ ስለ ላላ ካቢኔት ማውራት ለአንዳንዱ ቀልድ ይሆንበት ይሆናል። ይሁንበት። በዚህ ከተማ ብዙ ልጅ ቁርሱን የሚበላው ከዚህ ዕቃ ሥር ቆሞ ነው።

እስኪ አንድ ተራ የአዲስ አበባ ኩሽና እንውሰድ። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 70 ከፍታ፣ 30 ጥልቀት ያለው የችፑድ ካቢኔት ባዶውን ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ከዚያ ቤተሰቡ ይሞላዋል። ከታችኛው መደርደሪያ 5 ኪሎ ሽሮ፣ 5 ኪሎ በርበሬ፣ ባለ 5 ሊትር ዘይት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ምስር። ከላይኛው ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ሰሃኖች፣ ብርጭቆዎች፣ የሰርግ ስጦታ ሆኖ የመጣና እስካሁን ከካርቶኑ ያልወጣ የእራት ዕቃ። ከአናቱ ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ ያጣው ሁሉ፤ የማይሠራው ጁስ መፍጫ፣ ለድግስ የሚፈለገው ትልቁ ድስት። ሳይታወቅ 60 ኪሎ ሞላ ማለት ነው።

ሒሳቡ አያስቸግርም። ካቢኔቱ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚጫነው፤ ወደ ፊትም ያዘነብላል። ክብደቱ ያረፈው ግድግዳው ውስጥ ሳይሆን ከግድግዳው በአማካይ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ ግድግዳውን ይገፋል፣ የላይኛው ደግሞ ከግድግዳው ሊላቀቅ ይጎትታል። ብሎኖቹ ከታችኛው ጠርዝ 60 ሳንቲ ከፍ ብለው ከተመቱ የሚጎትታቸው ኃይል 60 ኪሎ በ15 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል ነው፤ 15 ኪሎ። ሁለት ደህና ብሎን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ገጣሚው ቸኩሎ ካቢኔቱ መሃል ላይ፣ ከታች 30 ሳንቲ ላይ ቢመታቸው ግን ያው ዕቃ ያው ክብደት 30 ኪሎ ይጎትታል። አንድ ስንዝር ተኩል የማትሞላ የቦታ ልዩነት ጉልበቱን እጥፍ አደረገችው።

አሁን ደግሞ 20 ኪሎ የምትመዝን የ6 ዓመት ልጅ ብስኩት ፈልጋ በተከፈተው በር ላይ ትንጠልጠል። የበሩ ጫፍ ከግድግዳው 70 ሳንቲ ይርቃል። ብሎኖቹ ከፍ ብለው ተመትተው እንኳ የእሷ ብቻ 23 ኪሎ ይጨምራል። ድምሩ ወደ 38 ይደርሳል። ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ አስቀድሞ የላላ ከሆነ ሁሉም በቀረው በአንዱ ላይ ነው። አንዱ ሲነቀል ካቢኔቱ ዝም ብሎ አይወርድም፤ በታችኛው ጠርዙ ላይ ተገልብጦ በአናቱ ይመጣል። ከሥሩ ያለው ምድጃ ነው፤ ምድጃው ላይ ደግሞ የሚፈላ ነገር አይጠፋም።

«ፊሸር» የምንለው ነገር የሰው ስም ነው። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር የናይለን መሰኪያውን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር፤ በ2016 በ96 ዓመቱ ሲሞት በስሙ ከ1,100 በላይ የፈጠራ መብቶች ነበሩት። ሐሳቡ ብልህ ነው። ብሎኑ ሲገባ ናይለኑ ሆዱን ይነፋና የጉድጓዱን ዙሪያ ይገፋል፤ በዚያ ግፊት ይያዛል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ የሚገፋው ነገር መኖር አለበት። ኮንክሪት ውስጥ አለ። ድፍን ጡብ ውስጥም አለ። ብሎኬት ውስጥ ግን ከ3 ሳንቲ ገደማ ቅርፊት በኋላ የሚጠብቀው አየር ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ልስን አለ። 4 ሳንቲ የሚረዝም ፊሸር 2 ሳንቲ ተኩል ልስን ውስጥ ከቀረ ብሎኬቱን የነካው በ1 ሳንቲ ተኩል ብቻ ነው። ልስን የተሠራው እንዲያምር ነው፤ ሸክም እንዲይዝ አይደለም።

በ1996 ዓ.ም.፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከተማዋን ሲያስተዳድሩ፣ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር የተወሰደውን የዝቅተኛ ወጪ አሠራር ይዞ ነው የተነሳው። ምሰሶውና ወራጁ ብረት ያለው ኮንክሪት ሲሆን በመካከሉ የሚሞላው ብሎኬት ነው። ሕንፃውን የሚሸከሙት ምሰሶዎቹ ናቸው፤ ብሎኬቱ ክፍል ይለያል፣ ብርድ ይከላከላል፣ በቃ። ማንም 60 ኪሎ እንዲይዝ አላሰበውም። ብዙውን ብሎኬት ያመረቱት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፣ ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ብሎኬት ግን እንደ ችግኝ ነው፣ ውሃ ይፈልጋል። ከማሽን ወጥቶ ለቀናት ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ብሎኬት በሚስማር ሲነካ እንደ ቆሎ ይረግፋል። በአንድ ግድግዳ ላይ ደህናውና ደካማው ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ፤ ከልስኑ ሥር ማን ያያቸዋል?

ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ይህን ሁሉ በአንድ ወር ተማሩ። እሱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ እሷ መምህርት። ሁለት ልጆች አሏቸው። ቤቱ የኪራይ ነው። ባለቤቷ የ1997 ዓ.ም. ተመዝጋቢ ናት፤ ዕጣው ሲደርሳት ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች ነበር። ኩሽናውን ባዶውን ተረከበችና ካቢኔቱን እዚያው ሆና በፎቶ መርጣ፣ ገንዘቡን በወንድሟ በኩል ልካ አሠራችው። እስካሁን ድረስ አንድም ቀን በእጇ ከፍታው አታውቅም። ለእሷ ያ ካቢኔት የሠራችበት ዓመት ምስክር ነው።

ምልክቱን መጀመሪያ ያየችው መምህርቷ ናት። ጠዋት ጠዋት ምድጃው አጠገብ ነጭ ብናኝ ትጠርጋለች። ዱቄት መስሏት ሁለት ሳምንት ጠረገችው። ልስን ነበር። ባልየው ወንበር ላይ ወጥቶ መታወቂያውን በካቢኔቱ አናትና በግድግዳው መካከል ሰደደው፤ ገባ። ከታች በኩል ሞከረው፤ አልገባም። ከላይ ክፍት፣ ከታች ጥብቅ ማለት ካቢኔቱ ወደ ፊት እየሰገደ ነው ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከመታወቂያው ጋር የልጁ ደብተር ገባ።

ብሎኑን በካቻቢቴ ሊያጠብቀው ሞከረ። ብሎኑ ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። የማይጠብቅና የማይወጣ ብሎን ምንም ይዞ አይደለም ማለት ነው፤ ቦታውን ብቻ ነው የያዘው። ጎረቤት መላ አላጣም። አንዱ የጥርስ መጎርጎሪያ ከኮላ ጋር ክተትበት አለ። ሌላው ጅብሰም ሙላበት አለ። ሦስተኛው ከላይ ካርቶን ሰንቅርበት አለ፤ ይሄኛው ካቢኔቱን በገዛ እጅ ከግድግዳው እንደ መግፋት ነው። የጥርስ መጎርጎሪያው ዘዴ ከእንጨት ላይ ለወለቀ የበር ማጠፊያ ይሠራል፤ ለሰፋ የብሎኬት ቀዳዳ ግን ማስታገሻ እንኳ አይሆንም። ጅብሰም ደግሞ ሲነካኩት ጠንካራ ይመስላል፣ ሲጎትቱት ይሰነጠቃል፣ የኩሽና እንፋሎት ሲያገኘው ይለሰልሳል።

ለባለቤቷ በድምፅ መልእክት ተነገራት። መልሷ ማታ መጣ። «ወንድሜ፣ እባክህ ግድግዳዬን እንዳትበሱብኝ። ያንን ካቢኔት ስንት ወር ሠርቼ እንዳመጣሁት እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«እህቴ፣ እኛ ካልበሳነው ራሱ ይወርዳል። ልጆች አሉ።»

ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ አጭር መልእክት ላከች። «ገጠማው በነፃ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

በዚህ ላይ ሕግ ምን ይላል የሚል ይኖራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጥገናን ዕዳ በአከራይና በተከራይ መካከል ይከፋፍላል፤ ውል ካለ ደግሞ ውሉ ይቀድማል። ችግሩ የብዙ ሰው ውል አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ስለ ግድግዳ የሚናገረው «ሳይበላሽ ያስረክባል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ተከራይ ያቺን ዓረፍተ ነገር ፈርቶ ድሪል አያስገባም። አከራይም ያቺኑ ይዞ አያስገባም ይላል። ካቢኔቱ ግን ውል አያነብም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ካደረገ ወዲህ «ስድስት ወር ቆይቼ ለምወጣው ቤት ምን አገባኝ» የሚለው ምክንያት ቀጭኗል። ሁለት ዓመት ማለት ልጅ አድጋ በር ላይ ለመንጠልጠል የምትደርስበት ጊዜ ነው። ፍርዱ ደግሞ ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። ክፍተቱን የሚያየው ተከራዩ ስለሆነ የመናገር ዕዳ የእሱ ነው፤ ካቢኔቱ የቤቱ አካል ስለሆነ የመክፈል ዕዳ የባለቤቷ ነው። የጀሞዎቹም የተስማሙት በዚሁ ነው። እሱ ይከፍላል፣ ከሚቀጥለው ኪራይ ይቀነሳል፣ እሷ ሥራው በየደረጃው ፎቶ እንዲላክላት ትፈልጋለች። ትክክል ናት። አንዴ በፎቶ ተታላለች፤ አሁን ግን የምትጠይቀው የበሩን ሳይሆን የቀዳዳውን ፎቶ ነው።

የመጡት ጋሼ ናቸው፤ ሰፈሩ በዚህ ስም ነው የሚጠራቸው። ግንበኛ ናቸው፣ አናጢነትም ያውቃሉ፣ ፀጉራቸው ሸብቷል። ድሪላቸውን ከቦርሳው አላወጡም። መጀመሪያ ዕቃው ሁሉ ይውጣ አሉ። ከዚያ ካቢኔቱን ከሥር በሁለት አጣና ደገፉት፣ አንዱን ጫፍ ባልየው ይዞ ብሎኖቹን ፈቱ፣ አወረዱት። (ይህን ብቻውን የሚሞክር ሰው አለ። አይሞከርም። 20 ኪሎ ባዶ ካቢኔት ከራስ በላይ ሲያዝ ከ20 ኪሎ ይበልጣል።)

አራት ቀዳዳ ተገኘ። በሁለቱ ውስጥ ገሚሳቸው ልስን ውስጥ የቀሩ ትንንሽ ፊሸሮች ነበሩ። በሦስተኛው የተጠረበ እንጨት ተሰክቶ ሚስማር ተመትቶበታል፤ እንጨቱ እርጥብ ሳለ ገብቶ ሲደርቅ ኮስሶ በጣት ይወጣል። አራተኛው አውራ ጣት የሚያስገባ ሆኖ በጋዜጣና በጅብሰም ተጠቅጥቋል። ገጣሚው ድሪሉን በመዶሻ ምት ሲነዳው የብሎኬቱ ቅርፊት ከውስጥ በኩል እንደ ሳህን ተሰብሯል፤ በቀዳዳው በኩል የእጅ ባትሪ ሲበራ ስባሪው ይታያል። ብሎኬት የሚበሳው ያለ መዶሻ ምት፣ በማዞር ብቻ፣ በትዕግሥት ነው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ድሪሉ ላይ ያለችውን የመዶሻ ምልክት ወደ ፑንታዋ ምልክት ማዞር ነው።

ጋሼ ካቢኔቱን ገልብጠው ጀርባውን መቱት። ኳ አለ። ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሆን ስስ ሰሌዳ ናት፤ አቧራ እንዳይገባ የምትደረግ። ብሎኖቹ ያለፉት በእሷ ውስጥ ነበር።

«አየህ ልጄ፤ ካቢኔቱን አልሰቀሉትም፣ ጀርባውን ነው የሰቀሉት።»

ስለ ግድግዳ ብቻ የሚያስቡ ሰዎች ይህችን ነገር ይዘነጓታል። ግድግዳው የብረት ኮንክሪት ቢሆንም ብሎኑ በስስ ሰሌዳ ውስጥ ካለፈ የብሎኑ ራስ ሰሌዳዋን ቀዶ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ብሎን ይቀራል፤ ካቢኔቱ ይወርዳል። ስለዚህ ጋሼ ከካቢኔቱ ውስጥ፣ ከአናቱ ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ደረቅ ጣውላ አስገቡ። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ተኩል፣ ስፋቱ 10። ከሁለቱ ጎኖችና ከአናቱ ጋር በኮላና በብሎን አያያዙት። ከዚያ ጣውላውና ስስ ሰሌዳዋ ላይ አንድ ላይ ሦስት ቀዳዳ በሱ።

ወደ ግድግዳው ተመለሱ። በጣታቸው አንጓ ከዳር ጀምረው አንኳኩ። «ይኼ ምሰሶ ነው፣ ድምፁ ድፍን ነው። ይኼ ባዶ ነው። ይኼ ደግሞ መገጣጠሚያ ነው።» ሶኬቱ የት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሽቦ ከሶኬት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ በዚያ መስመር አይበሳም። የቧንቧውንም እንዲሁ። ብሬከሩ ወረደ። ይህን ሳይጠይቅ ድሪል የሚያነሳ ባለሙያ ከመጣ ሻይ ጠጥቶ ቢሄድ ይሻላል።

ቀጥሎ ምን ይደረግ ነበር? አማራጭ አለ። ቦታው ምሰሶ ወይም ወራጅ ላይ ቢውል ሥራው አጭር ነው፤ ባለ 10 ፊሸር ከረጅም ብሎኑ ጋር፣ ወይም እየጠበቀ የሚሰፋ የብረት ቡሎን፣ ያልቃል። ያንኑ የሚሰፋ ብረት ብሎኬት ውስጥ መክተት ግን ቅርፊቱን ከውስጥ መሰንጠቅ ነው። ግድግዳው ቀጭን ባለ 10 ሆኖ ከጀርባው የራስ ክፍል ካለ፣ ወዲያ ማዶ አሳልፎ በሰፊ ላሜራና በሮንዴላ ማሰር ከሁሉም ይበልጣል፤ መኝታ ቤቱ ውስጥ የሚታይ ብረት ለማይከፋው። ባዶ ውስጥ ገብተው ክንፋቸውን የሚዘረጉ ብሎኖችም አሉ። ከመርፌ እንደሚወጣ የሚጨመቅ ኬሚካል ከወንፊት ቱቦ ጋርም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው፣ አሳስቶ የሚሠራውም ብዙ ነው።

ጋሼ የመረጡት የድሮውን ነው። የካቢኔቱን ጣውላ እንደ ልክ ተጠቅመው ሦስቱን ቦታ ምልክት አደረጉ፤ ከአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች አንድ ስንዝር ያህል ራቁ። በእያንዳንዱ ቦታ የብሎኬቱን ቅርፊት በጥንቃቄ ቡጢ በሚያስገባ ልክ ከፈቱ። ከታች የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅልለው ወተፉበት፤ ካልተወተፈ የሚጨመረው ኮንክሪት እስከ ወለሉ ይወርዳል። አቧራውን አወጡ፣ ውሃ አጠጡት። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ ደቃቅ ጠጠር ጠበቅ አድርገው አቦኩ። ጥርስ የወጣለት ባለ 10 ሚሊ ብረት ወደ ውስጥ በሚገባው ጫፉ ዳዶና ሰፊ ሮንዴላ ለበሰ፤ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የሚነክሰው እሱን ነው። ብረቶቹ ከሞላው ጉድጓድ በውሃ ልክ ቀጥ ብለው 6 ሳንቲ ወጥተው ቆሙ። ከታች በኩል ደግሞ በዚሁ አሠራር አንድ አንጎላሬ ብረት እንደ መቀመጫ የሚታሰርባቸው ሌሎች ሦስት ብረቶች ተተከሉ። ወደ ታች የሚጫነውን አንጎላሬው ይሸከማል፤ ወደ ፊት የሚጎትተውን የላይኞቹ ይይዛሉ። ሸክሙ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

«መቼ እንሰቅለዋለን?» አለች መምህርቷ። ሳህኑ ሁሉ ሳሎን ወለል ላይ ነው።

«ከሰባት ቀን በኋላ።»

«ጋሼ፣ በሁለት ቀን አይደርስም?»

«ልጄ፣ ሲሚንቶ አይለመንም።»

ኮንክሪት በ7 ቀን የ28 ቀን ጥንካሬውን ወደ ሁለት ሦስተኛ ያገኛል፤ ገበያ ላይ የሚበዛው ፒፒሲ ሲሚንቶ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። በሁለተኛው ቀን በእጅ ሲነካ ድንጋይ ይመስላል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዚህች ድንጋይ በምትመስል ቀን ነው። ሳምንቱ ደግሞ በቤት ውስጥ ቀላል አልነበረም። ምሳ ከካርቶን እየተወሰደ ተበላ፣ በርበሬው ከአልጋ ሥር ተገኘ፣ ትንሿ ልጅ የእንግዳ ብርጭቆ ሰበረች። ባልየው በአምስተኛው ቀን ዳዶውን ይዞ ሊያጠብቅ ሲል ሚስቱ «ሒሳብህን ሥራ» ብላ ከለከለችው። ጠዋትና ማታ ውሃ የምትረጨው እሷ ነበረች።

በስምንተኛው ቀን ካቢኔቱ አንጎላሬው ላይ ተቀመጠ፣ ሦስቱ ብረቶች በጣውላው ቀዳዳ አለፉ፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ታሰረ። ጋሼ ግን ዕቃ እንዲገባ አልፈቀዱም። ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልተው ከታችኛው ወለሉ ላይ አኖሩ፤ 40 ኪሎ ማለት ነው፣ የቤቱን ዕቃ ያህል። አደረ። ጠዋት ባልየው መታወቂያውን ከላይ ሞከረው። አልገባም።

እነዚህ ሰዎች ነገሩን ቸል ያላሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለሳምንታት ሲደጋገም የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ 5 ነጥብ 8 ገደማ ሲለካ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በተለይ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ። ያን ሰሞን ብዙ ሰው ስለ ሕንፃው ተጨነቀ፤ ምሰሶው ይችላል ወይ፣ ደረጃው ይችላል ወይ እያለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ሕንፃ ሳይፈርስ ሰው የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው፤ ቁም ሣጥን፣ ቴሌቪዥን፣ የውሃ ታንከር፣ ከራስ በላይ የተሰቀለ ካቢኔት። ንዝረት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው የሚመጣው፤ ልክ የላላ ብሎን በሚጠላው አቅጣጫ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬን አካባቢ የመታውን ለሚያስታውስ ደግሞ የ2017ቱ የመጨረሻው አይደለም።

አሜሪካኖች ነገሩን የተማሩት በከባዱ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አይኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ኩባንያ ከግድግዳ ጋር ካልታሰሩ በልጆች ላይ ይገለበጣሉ የተባሉ 29 ሚሊዮን ገደማ ኮመዲኖዎችን ከአሜሪካ ገበያ እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ። እዚያም ቢሆን የጎደለው ብረት አልነበረም። ማሰሪያው ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ ብዙ ሰው አላሰረውም።

የጀሞው ኩሽና ፎቶ ዱባይ ደረሰ። የቀዳዳዎቹ፣ የኮንክሪቱ፣ የብረቶቹ፣ የጀሪካኑ። ባለቤቷ ሁሉንም አየች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አሮጌው ቀዳዳ ጋ ያ ነጭ ነጭ ነገር ምንድነው?» የሚል ነበር። ልስን ነው ተባለች፣ ቀለም ይቀባል። «እሺ፣ እንደ ድሮው ክሬም ይሁን» አለች። ከኪራዩ ላይ ሲቀነስ የቀለሙንም ጨምራ ቀነሰች።

እሑድ መምህርቷ ቡና ስታፈላ የሆነውን ለጎረቤቶቿ ተረከች። አንዷ ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ቤቷ ወረደች። የደረጃው ሰው አንዱ የሌላውን እያየ ነበር ካቢኔት ያሠራው፤ ያው ሻጭ፣ ያው ገጣሚ፣ ያው ፊሸር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመለሰች፤ መታወቂያዋ በእጇ ነበር። ጋሼ ሰኞ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው፣ ረቡዕ ሦስተኛ። ሳሎን ወለል ላይ ሳህን የሚያስቀምጥ ካርቶን ካለ የሰፈሩ ሱቅ ይስጣችሁ እየተባባሉ ነው።